ከደረጃ «ሐ» ወደ ደረጃ «ለ»፦ በሽያጭ ልክፈል ወይስ የሒሳብ መዝገብ ልያዝ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። እስካሁን ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበርኩ። የቀን ሽያጬ 1,200 ብር ተብሎ ተገምቶ በሱ ነበር የምከፍለው። አሁን ሐ ቀርቷል፣ ለ ሆነሻል አሉኝ። እውነቱን ለመናገር በቀን ወደ 3,500 ብር እሸጣለሁ። ግን ሁሉ ነገር ተከፍሎ በወር የሚተርፈኝ ከ8,000 ብር አይበልጥም። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም ሲባልም ሰምቻለሁ። ሐረር ሸዋ በር የሚነግደው ወንድሜ ደግሞ አዋጁ እኛን አይመለከትም ይላል። አንዲት ሠራተኛ አለችኝ፣ በወር 4,500 ብር እከፍላታለሁ። ሽያጬን ዝቅ አድርጌ ላስመዝግብ ወይስ መዝገብ ልያዝ?»

ምላሽ፦

የ2,000 ብሯን ነገር አስቀድመን እናጥራት። እሷ የደመወዝ ጉዳይ ናት። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ግብር የማይነካውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ተጠቃሚዋ እርስዎ ሳይሆኑ ሠራተኛዎ ናት። ድሮ ከ4,500 ብሯ 597 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥ ነበር። አሁን የሚቆረጠው 400 ብር ነው። የመጀመሪያው 2,000 ነጻ፣ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ የቀረው 500 በ20 በመቶ 100 ብር። ይህን ቆርጦ በየወሩ ገቢ ማድረግ ያለበት አሠሪ ነው፣ እርስዎ ማለት ነው። ብዙ ባለሱቅ «ልጅቷ ዘመድ ናት፣ ደብተር ላይ የለችም» ይላል። ደብተር ላይ ከሌለች ደመወዟም ወጪ ሆኖ አይያዝልዎትም። ይቺን ያስታውሷት፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ነጋዴም የራሱ ነጻ መነሻ አለው፣ በዓመት 24,000 ብር። ግን ይህ የሚሠራው ከትርፉ ላይ ለሚከፍል፣ ማለትም መዝገብ ለያዘ ሰው ነው። በሽያጭ የሚከፍል ሰው ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ ይቆጠርበታል።

ስለ ደረጃው የነገሩዎት ልክ ነው። ድሮ ሦስት ነበሩ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ሐ፣ ከዚያ እስከ 1 ሚሊዮን ለ፣ ከዚያ በላይ ሀ። አሁን ሁለት ብቻ ናቸው። 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሚሸጥ ግለሰብ፣ እንዲሁም ድርጅት ሆኖ የተቋቋመ ሁሉ ሀ ነው። ከ2 ሚሊዮን በታች ያለ ግለሰብ ለ ነው። ፊደሉ ግን አያታልልዎ። የድሮው ለ መዝገብ ያዥ ነበር። የአሁኑ ለ የሚከፍለው በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው። ማስከፈያው ከ2 በመቶ ይጀምርና ሽያጩ ሲያድግ እየጨመረ እስከ 9 በመቶ ይሄዳል። ሰው «ለ ሆንኩ፣ አድጌያለሁ» ሲል ስሰማ ሳቄ ይመጣል። በአሠራሩ ለድሮው ሐ ነው የሚቀርበው።

ወንድምዎ የተሳሳተው በግማሽ ነው። ድሬዳዋ ክልል አይደለችም። በቻርተር የምትተዳደርና ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ስለዚህ የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ እዚህ በቀጥታ ይሠራል። ሐረሪ ግን ክልል ነው። የግለሰብ ነጋዴን የገቢ ግብር ክልሉ የሚሰበስበው የራሱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ነው። «የፌዴራሉ አዋጅ በቀጥታ አይመለከተኝም» ካለ ያስኬደዋል። «እኔ ጋ ምንም አይለወጥም» ካለ ግን አያስኬደውም። የክልሎች አዋጅ በአብዛኛው የፌዴራሉን ፈለግ ነው የሚከተለው። ሄዶ የራሱን ገቢዎች ቢሮ ይጠይቅ። እርስዎ ግን በሐረር ወሬ ድሬ ላይ አይነግዱ።

አሁን ወደ ዋናው። «ለምን በሽያጭ እከፍላለሁ፣ የሚተርፈኝ እኮ ትንሽ ነው» የሚል ቅሬታ በጥያቄዎ ውስጥ አለ። ቅሬታዎ ተገቢ ነው። መዝገብ የሌለው ሰው ትርፉን ማሳየት አይችልም። መንግሥትም ትርፉን ማየት ስላልቻለ ሽያጩን ይይዛል። ችግሩ ሽያጭ ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። ጸጉር የምትሠራ ሴት ከ100 ብር ሽያጭ 50 ብር ሊተርፋት ይችላል። ዘይት፣ ሩዝና ፓስታ የሚሸጥ ሰው ከ100 ብር ወጪውን ሁሉ ከፍሎ 7 እና 8 ብር ካገኘ ደህና ነው። የእርስዎን ብንወስድ 3,500 በ360 ቀን 1,260,000 ብር ነው። ትርፍዎ 8,000 በ12 ወር 96,000። ከመቶ 8 ብር እንኳ አይሞላም። ሕጉ ግን እርስዎንም ጸጉር ሠሪዋንም በሽያጫችሁ ነው የሚለካው። ለዚህ ነው ትርፉ ቀጭን ለሆነ ሱቅ ይህ ሥርዓት የሚከብደው።

ግን 3,500 ብር የየትኛው ቀን ሽያጭ ነው?

ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። መጋላ አካባቢ ያለ አንድ ባለሱቅ እንዲሁ «3,500 እሸጣለሁ» ብሎኝ ነበር። ደብተር ሰጠሁትና ማታ ማታ ሳጥኑን ቆጥሮ እንዲጽፍ ነገርኩት። ለሦስት ወር ጻፈ። ደመወዝ ሰሞን 4,000 ያልፋል። ወሩ ሲያልቅ 1,900 ላይ ይወርዳል። ሙቀቱ የበረታ ሰሞን ከቀትር በኋላ ሰው አይወጣም። ልቅሶ ሄዶ የዘጋበት ቀን ነበር፣ ታሞ የተኛበትም ነበር። አማካዩ 2,700 ሆነ። በ360 ቀን 972,000 ብር ማለት ነው፣ ከሚሊዮን በታች። ሰውዬው የሚያስታውሰው ጥሩ ጥሩውን ቀን ብቻ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ጊዜ ሁላችንም ገማቹን ስንወቅስ ነበር፤ አንዳንዴ ግን ከገማቹ በላይ ራሳችን ላይ የምንገምተው እኛው ነን። እርስዎም ሳይጽፉ 3,500 የሚለውን ቁጥር ለማንም አይናገሩ።

ሲጽፉ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ዱቤ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር። እቃው ሲሄድ ሽያጭ ብለው ከጻፉት፣ ብሩ ሲመጣ እንደገና ሽያጭ አያድርጉት። ከሱቅ ወደ ቤት የሚወስዱትን ስኳርና ዘይትም ለብቻው ይጻፉት። እሱ የቤት ፍጆታ ነው፣ በመዝገብ ዓለም የጠፋ እቃ አይባልም።

ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። የሥነ ምግባሩን ነገር ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሼኽዎ ልተወው፤ እኔ የማወራው ስለ ወረቀቱ ነው። ጅምላ አከፋፋዩ ደረሰኝ ሲቆርጥልዎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ እዚያ ላይ ይሰፍራል። እሱ በዓመት 1 ሚሊዮን ብር እቃ ሸጥኩላት ብሎ እርስዎ 500,000 ሸጥኩ ካሉ፣ ግማሹ እቃ የት ገባ? ገቢዎች ከባንክ መረጃ የመጠየቅ ሥልጣንም አለው። ልዩነቱ ሲገኝ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ነው የሚመጣው። ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ደግሞ ወንጀል ነው። ሌላም ጣጣ አለው። ነገ ከባንክ ብድር ሲጠይቁ ባንኩ የሚያየው ያስመዘገቡትን ሽያጭ ነው። ለገቢዎች 1,200 ብለው ለባንኩ 3,500 ማለት አይቻልም።

የሚያስፈራዎት ከ1,200 ወደ 3,500 መዝለሉ መሆኑ ይገባኛል። «እስከዛሬ ስትዋሺ ነበር» እንዳይሉኝ ነው ፍርሃቱ። የ1,200ው ግምት ከመጣ ወዲህ ግን የዘይቱና የሳሙናው ዋጋ ስንት ጊዜ ጨመረ? ያንኑ የካርቶን ብዛት እየሸጡ የሽያጩ ብር ብቻ ሊያድግ ይችላል። የድሮና የአሁን የግዢ ደረሰኝ ካለዎት ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩ። ያለፈውን ግምት ልከላከል ብለው ዘንድሮ የተሳሳተ ቁጥር ላይ አይፈርሙ።

ወደ መዝገቡ እንምጣ። በደረጃ ለ ያለ ሰው ሙሉ መዝገብ ይዞ እንደ ደረጃ ሀ ልስተናገድ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ያዋጣል ወይ? በእርስዎ ቁጥር እንሥራው። በሽያጭ ሲከፍሉ፣ ለምሳሌ ያህል በአማካይ 5 ከመቶ ደረሰብዎ እንበል። ከ1,260,000 ላይ 63,000 ብር ነው። ከ96,000 ትርፍዎ ሁለት ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። ትክክለኛውን የሚሰጥዎ የአዋጁ ሰንጠረዥ ነው፤ የገቢዎች ቅርንጫፍ ሄደው በራስዎ ሽያጭ ላይ ያሠሩት። በመዝገብ ሲሆን ደግሞ 96,000 ትርፍ ላይ የሚመጣው ግብር 13,800 ብር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሰው እልል ይላል። ቆይ ግን። አዲሱ አዋጅ ደረጃ ሀ ላይ ወለል አስቀምጧል። የትርፍ ግብሩ ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ በታች ከሆነ የሚከፈለው 2.5 በመቶው ነው። የእርስዎ 31,500 ብር ይሆናል። ስለዚህ ንጽጽሩ 63,000 ከ13,800 ጋር ሳይሆን ከ31,500 ጋር ነው። በዚያ ላይ የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ ይጨምሩበት። አሁንም መዝገቡ ይሻላል፣ ግን ልዩነቱ መጀመሪያ እንደመሰለን ሰፊ አይደለም።

ነገሩን የሚገለብጠው ደረሰኝ ነው። መዝገብ ወጪን የሚቀበለው በወረቀት ነው። ድሬ ውስጥ ከታይዋን ገበያም ከአሸዋ ገበያም ያለ ደረሰኝ ስንት እቃ እንደሚገዛ እኔም እርስዎም እናውቃለን። በዓመት የ300,000 ብር እቃ ያለ ደረሰኝ ገዙ እንበል። ኦዲተሩ ያንን ወጪ ይሰርዘዋል። እቃውን ሸጠውታል፣ ሽያጩ ተመዝግቧል፣ ግዢው ግን የለም። በወረቀት ላይ ትርፍዎ 396,000 ብር ሆነ። ግብሩ 114,000 ብር። በኪስዎ ያለው ትርፍ 96,000 ነው፤ ግብሩ ከትርፉ በለጠ! በእርስዎ ሱቅ መጠን፣ ያለ ደረሰኝ የሚገዙት በዓመት ከ150,000 ብር ካለፈ፣ ከግዢዎ አንድ ሰባተኛው ገደማ ነው፣ በሽያጭ መክፈሉ ይሻልዎታል። የቤት ኪራይም እንደዚያው። አከራይዎ ውል ካልሰጠዎ፣ ወይም 5,000 እየተቀበለ 2,000 ብሎ ከጻፈ፣ ወጪዎ 2,000 ነው። ያስታውሷታል ብዬ የተውኳት የሠራተኛዋ ደመወዝም እዚሁ ትገባለች።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሰኔ 30 በሚዘጋው ዓመት በደረጃ ለ ይቆዩ፣ እውነተኛውን ሽያጭ ያስመዝግቡ፣ ይክፈሉ። ግማሽ ዓመት የተያዘ መዝገብ ከምንም አይቆጠርም፣ ከሁለት ያጣ ነው የሚያደርገው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ግን መዝገቡን ይሞክሩት። ግዢን ሁሉ በደረሰኝ፣ በራስዎ መለያ ቁጥር። ደረሰኝ ያለው እቃ ትንሽ ይወደዳል፣ እውነት ነው፤ ከላይ ያየነውን 114,000 አስበው ይግዙ። መስከረም መጨረሻ ላይ ቁጭ ብለው ይደምሩ። ከግዢዎ አሥር እጅ ዘጠኙ ደረሰኝ ካለው ወደ መዝገብ ይግቡ፣ ጥያቄዎን ለቅርንጫፉ በጽሑፍ ያስገቡ፣ ገቢ የተደረገበት ማህተም ያለውን ቅጂ ይያዙ። ያን ያህል ካልሞላ ለ ላይ ይቆዩ፣ የሰው ምክር አይስሙ። ባለሙያ ሲቀጥሩም «በትንሽ እጨርስልሻለሁ» የሚለውን ሳይሆን መጀመሪያ ደረሰኝዎን አሳዪኝ የሚለውን ይምረጡ።

ሱቁን በእህት ወይም በልጅ ስም ለሁለት ከፍዬ ልቀንስ የሚል ሐሳብ እንዳይመጣዎ። አንድ በር፣ አንድ ሚዛን፣ ሁለት ፈቃድ። ይህን ለማወቅ ኦዲት አያስፈልግም፣ በመንገዱ ማለፍ ይበቃል።

ሌላው የስልክ ብር ነው። ደንበኛ በቴሌብር የሚልክልዎ፣ የአዲስ አበባዋ ልጅዎ የምትልክልዎ፣ ዕቁብ የደረሰዎት ቀን የሚገባው ሁሉ አንድ ቁጥር ላይ ከተጠራቀመ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም ሽያጭ ይመስላል። የ200,000 ብር ዕቁብ ሽያጭ አይደለም፣ ግን ማስረዳቱ የእርስዎ ዕዳ ነው። ለሱቁ የተለየ ሒሳብ ይክፈቱ። የዕቁቡን ደብተር ወይም የሰብሳቢውን ፊርማ ያስቀምጡ።

ቀንን በተመለከተ፣ የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ማስታወቁንም መክፈሉንም ሐምሌ ሳያልቅ ይጨርሱ፣ የመጨረሻውን ሳምንት ሰልፍ በድሬ ሙቀት አይመኙት። ዘግይቶ ያስታወቀ ሰው በየወሩ ካልከፈለው ግብር 5 በመቶ እየተጨመረበት እስከ 25 በመቶ ይቀጣል። ወደ ደረጃ ሀ ከገቡ ጊዜው እስከ ጥቅምት 30 ይረዝማል። ቁጥርዎን አልቀበልም ብለው ሌላ ከወሰኑብዎ ውሳኔውን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የደረሰዎትን ቀን ላዩ ላይ ይጻፉ። ቅሬታ ለማስገባት ያለዎት 21 ቀን ነው፣ ከዚያ ቀን ይቆጠራል። ባለሥልጣኑ ጋ ካልተሳካ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን አለ፣ 30 ቀን ነው የሚሰጠው፣ ከተከራከሩበት ግብር ግማሹን ማስያዝም ይጠይቃል። የቃል ጭቅጭቅ በመስኮት ላይ ቢያሸንፉም ባያሸንፉም ከ21 ቀኑ ላይ እየቀነሰ ነው።

የሽያጭና የግዢ ማስታወሻውን ድሬ በቀትር ሱቅ ዘግታ በምታርፍበት ሰዓት መጻፍ ይቻላል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሐምሌ 1 ጠዋት ግን ሱቁን ሳይከፍቱ እቃውን ይቁጠሩ። መደርደሪያ ላይ ያለውን፣ ከጀርባ የተከመረውን፣ የተከፈተውን የሩዝ ከረጢት ሳይቀር በሚዛን፣ በተገዛበት ዋጋ። ልጅቷ ትቁጠር፣ እርስዎ ይጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ያ ወረቀት ከሌለ በዓመቱ መጨረሻ የትኛው ባለሙያ ቢመጣ ትርፍዎን በትክክል ሊያወጣልዎ አይችልም።